ዓርብ ገበያ ላይ የተሸጠ ስም

ይህን የምጽፈው ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ለማስተምራቸው የአራተኛ ክፍል ልጆች የክፍል ውስጥ ኢኮኖሚ እንዳቋቁም ስለ ታዘዝኩ ነው። ርእሰ መምህርቷ ባለፈው ሳምንት አንድ ካርቶን ጠረጴዛዬ ላይ አኑረው፣ "ልጆቹ ቁጠባ ይለምዱበታል፤ ጠባያቸውም ይታረማል" ብለውኝ ሄዱ። ካርቶኑን ስከፍተው ገና የተቆረጠ ወፍራም ወረቀትና የቀለም ሽታ ወጣ። ሽታውን አውቀዋለሁ። ልጅ እያለሁ፣ እዚሁ እስራኤል፣ አሽቀሎን ውስጥ፣ በእኛም ክፍል እንዲህ ያለ ገንዘብ ነበረ፤ በዚያ ገንዘብም ሊሸጥ የማይገባው አንድ ነገር ተሽጦበታል። ሥራውን ከመጀመሬ በፊት የሆነውን በቅደም ተከተል ማስፈር እፈልጋለሁ። ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ እጽፋለሁ፤ ያልገባኝንም እንደ ገባኝ አድርጌ አላቀርብም።

ያደግነው ግቫት ጺዮን በሚባለው ሰፈር ነው። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ የሰፈሩ ልጆች የፎቆቹን መግቢያ ሽታ አትረሱትም፤ የባሕሩ ጨው የበላው የብረት በር፣ ከየቤቱ የሚወጣው የበርበሬና የልብስ ሳሙና ሽታ፣ ቢጠርጉት አሸዋው የማያልቅ ደረጃ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቦርሳችንን ጥለን ከፎቁ ሥር ሚሽሚሽ በሚባል ፍሬ ዘር እንጫወት ነበር፤ ፍሬውን በልተን ዘሩን አጥበን፣ በጫማ ካርቶን ቀዳዳ ማስገባት ነው ጨዋታው። ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስታዘቀዝቅ እናቶች በየበረንዳው ብቅ እያሉ መጥራት ይጀምራሉ። ያን ጊዜ የሚጠራው ስም ሌላ ነው። አብዛኞቻችን ሁለት ስም ነበረን፤ አንዱ በትምህርት ቤት የምንጠራበት የዕብራይስጥ ስም፣ ሌላው የበረንዳው ስም፣ አማርኛው። እኔ በክፍል ውስጥ ኤላድ፣ በበረንዳ ስጦታው ነበርኩ። በዕብራይስጡ ስንጠራ እጃችንን አንሥተን "ፖ" እንላለን፤ እዚህ ነኝ ማለት ነው። በአማርኛው ስንጠራ ግን መልሱ "አቤት" ብቻ ነው። ሌላ ነገር ብሎ የመለሰ ልጅ ጆሮው ይቆነጠጥ ነበር።

ይህን ያስተማሩን አያታችን ናቸው። አባባ እንላቸዋለን። ከጎንደር ገጠር ወጥተው፣ አዲስ አበባ ከርመው፣ በአውሮፕላን ወደዚህ የመጡ ሰው ናቸው፤ ፋብሪካ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርተው በመጨረሻ ዓይናቸው ጠፋ። ከእኛ በር ፊት ለፊት፣ አክስቴ ቤት ይኖሩ ነበር። የአክስቴ ልጅ እኩያዬም የክፍል ጓደኛዬም ነበረች። ትምህርት ቤት ኦርሊ ትባላለች፤ አባባ ያወጡላት ስም ግን ትርንጎ ነው። የተወለደችው በዳስ በዓል ሰሞን ሲሆን፣ አባባ ለበዓሉ የተገዛውን ትርንጎ በእጃቸው ይዘው እያሸተቱ ሳለ የልጅ ልጃቸው መወለዷ ተነገራቸው። "በእጄ የያዝኩት እሷን ነው" አሉ ይባላል።

አባባ በትር አይወዱም። ሰው ክንዳቸውን ሲይዛቸውም ይቆጣሉ፤ "እንደ ከረጢት አትጎትቱኝ፤ ድምፅ ብቻ ስጡኝ" ይላሉ። ስለዚህ ትርንጎ ጥቂት ቀድማቸው ትቆማለች፤ እሳቸው "ትርንጎ" ይላሉ፤ እሷ "አቤት" ትላለች፤ ወደ ድምፁ ይራመዳሉ። እንደገና ቀድማ ትቆማለች፤ እንደገና ይጠራሉ። ጠዋት ከእኛ ጋር ወጥተው ከትምህርት ቤቱ በር ማዶ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጡና ደወሉ እስኪደወል ድረስ ይጠብቁናል። መንገድ የሚሻገሩትም፣ ደረጃ የሚወጡትም በዚያች ጥሪና በዚያች መልስ ነበር።

ታዲያ እሳቸው ራሳቸው አንድ ነገር አጥብቀው ያስጠነቅቁን ነበር። "ሲመሽ ስማችሁን የሚጠራ ሁሉ ሰው አይደለም። በአንደኛው ጥሪ አቤት አትበሉ። ዝም ብላችሁ ሁለተኛውን ጠብቁ፤ ያ ነገር ሁለት ጊዜ መጥራት አይችልም።"

"ቢችልስ፣ አባባ?" ትላቸዋለች ትርንጎ።

"ከቻለማ ያኔ አንቺን አያድርገኝ" ብለው ይሥቁባታል።

አራተኛ ክፍል ስንገባ መምህርታችን ሲጋል የምትባል ወጣት ሆነች፤ ሞራ ሲጋል እንላታለን፤ ሞራ መምህርት ማለት ነው። አንድ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ባሕርና ሞገድ ሥላ ጠበቀችን። ከዛሬ ጀምሮ ክፍላችን ትንሽ አገር ነው አለች፤ ገንዘቡም ጋሊም ይባላል፤ ሞገዶች እንደ ማለት ነው። ለእያንዳንዳችን ሥራ ተሰጠን። የእኔ ሥራ መስኮት መክፈትና መዝጋት፣ የትርንጎ ሰሌዳ ማጥፋት ነበር። ሥራውን በሚገባ የሠራ ሐሙስ ደመወዙን ይቀበላል፤ ከደመወዙ ላይ የሚቀመጥበትን ወንበር ኪራይ ይከፍላል። የዘገየ፣ የተሳደበ፣ ሳይፈቀድለት የተናገረ ይቀጣል፤ የረዳና የታገሠ ይሸለማል። ዓርብ ከመለቀቃችን በፊት ገበያ ይቆማል፤ እርሳሱ፣ ተለጣፊ ሥዕሉ፣ ከቤት ሥራ ነጻ የሚያወጣው ካርድ በመምህርቷ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል።

እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ብዙ ተምረንበታል። ወላጆቻችን በሹክሹክታ የሚያነሡት ሚኑስ የሚባለው ነገር፣ ካለህ በላይ አውጥተህ ከዜሮ በታች መውረድ፣ ምን እንደ ሆነ የገባን ያኔ ነው። እናቴን ሱፐርማርኬት ውስጥ "ይኼ የግድ ነው ወይስ አምሮሽ ነው?" ብዬ ስጠይቃት፣ "ወልጄህ ባንክ ሆንክብኝ" ብላ ብስኩቱን ወደ ቦታው መለሰችው። ሞራ ሲጋል ክፉ ሴት አልነበረችም። ቤታችን ውስጥ ማንም የማያስተምረንን ነገር ልታስተምረን ፈልጋ ነው፤ አስተምራናለችም። ሁለት ሕግ ደነገገች። የራስህ የሆነውን ለጓደኛህ መሸጥ ትችላለህ። የተሸጠ አይመለስም።

በጥቂት ሳምንት ውስጥ ክፍሉ ጸጥ አለ። መጀመሪያ ደስ የሚል ጸጥታ ነበር፤ የሌላ ክፍል መምህራን እየመጡ በር ላይ ቆመው ያዩናል። በኋላ ግን ጸጥታው ከእኛ ተለይቶ የራሱ ነገር የሆነ መሰለኝ። መስኮት ስከፍት የማጠፊያው ሲጥታ አሳፈረኝ። በእረፍት ሰዓት እንኳ፣ ማንም በማይቀጣን ጊዜ፣ ልጆች ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ሲዘጉ አያለሁ። ከውጭ የሚሰማው የአባባ ሳል ብቻ ነበር፤ በመንገዱ ማዶ፣ በአግዳሚው ላይ።

ትርንጎ ዝም ማለት አልሆነላትም። ከእንቅልፏ እያወራች የምትነሣ ልጅ ነበረች። ደመወዟ በቅጣት ያልቃል። ሆኖም የምትቀመጠው በመስኮቱ አጠገብ ነው፤ የዚያ ወንበር ኪራይ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ለምን ወደ ርካሹ እንደማትዛወር አንድ ቀን ጠየቅኋት።

"ከዚያ ሆኜ አባባን አያቸዋለሁ" አለችኝ። "ተነሥተው ቢሄዱስ? አንተ ታየዋለህ እንዴ? አንተ መጽሐፍህን ነው የምታየው።"

ሀብታሙ ልጅ ኦሪ ነበር። ቀጭን፣ ጸጥተኛ፣ ትልልቅ ዓይኖች ያሉት ልጅ ነው። ገበያ ሲቆም ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ያይና እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ ይመለሳል። ካምጻን ይሉታል፤ ቋጣሪ ማለት ነው። "ኦሪ ሽንት ቤት ሲሄድም ደረሰኝ ይጠይቃል" እየተባለ ይሣቅበት ነበር። እሱም አብሮ ፈገግ ይላል። የሚኖረው ከእኛ ቀጥሎ ባለው ፎቅ ነው። እናቱ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ ከሰዓት ገብታ ከመሸ ነው የምትመለሰው። ሕፃን ሆና ከኢትዮጵያ የመጣች ሴት ናት፤ ልጄን ሁለት ስም አላሸክመውም ብላ አንድ ብቻ አወጣችለት። ሲመሽ እኛ ተራ በተራ በየስማችን ተጠርተን ስንገባ እሱን የሚጠራው አልነበረም። ከደረጃው መስኮት ቁልቁል ሳይ፣ የጣልነውን የሚሽሚሽ ዘር ብቻውን ሲለቅም አየው ነበር።

በአንድ ዓርብ ትርንጎ ሚኑስ ውስጥ ገብታ ተገኘች። ሞራ ሲጋል በለስላሳ ድምፅ፣ "ኦርሊ፣ ኪራዩን ካልከፈልሽ ሳምንቱ ከሚጀምርበት ከእሑድ ጀምሮ ከኋላ ትቀመጫለሽ። የምትሸጪው ነገር ካለሽ ግን ገበያው ክፍት ነው" አለቻት። ከኋላው ወንበር የሚታየው ካርታ የተሰቀለበት ግድግዳ ብቻ ነው። ትርንጎ ተነሥታ ላጲሷንና የፀጉር ማስያዣዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ማንም አልፈለጋቸውም።

"ወሬዋን ትሽጥ" አለ ማክስ የሚባል ልጅ። "እሱ አያልቅባትም።"

"ገዝተህ የት ታደርገዋለህ?" አለችው። "አፍህ እንደ ሆነ ሁልጊዜ በሱፍ ፍሬ የተሞላ ነው።"

ሣቁ ሲበርድ ኦሪ እጁን አነሣ። ተፈቅዶለት ተነሣ። "እኔ ስምሽን እገዛለሁ" አላት።

"የቱን?"

"የቤቱን። በበረንዳ የሚጠራውን።"

ክፍሉ ሣቀ። ሞራ ሲጋል ግን አልሣቀችም፤ ተገርማ አየችው። "ኪኑይ ነው?" ብላ ጠየቀች፤ የቁልምጫ ስም ነው ወይ ማለቷ ነው። ትርንጎ ትንሽ አሰበችና "እንደዚያ ነገር" አለች። ምን ብላ ታስረዳት? መዝገብ ላይ የሌለ ስም ለመምህርቷ ቁልምጫ ነው፤ በዕብራይስጥም ለበረንዳ ስም ሌላ ቃል አናውቅም ነበር።

ኦሪ ቆሞ ቀጠለ። "ከእንግዲህ ስሙ ሲጠራ አቤት የምለው እኔ ነኝ። እሷ አትልም።"

"አቤት ምንድን ነው?" አለች መምህርቷ።

"ፖ ማለት ነው" አለች ትርንጎ። "እዚህ ነኝ ማለት።"

ሞራ ሲጋል ፈገግ አለች። እስከ ዛሬ በእጅ የማይያዝ ነገር የገዛ ልጅ የለም አለች። "እርግጠኛ ነሽ ኦርሊ? የተሸጠ አይመለስም።" ትርንጎ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። አባባ ፀሐይዋ ወደ ደረሰችበት ወደ አግዳሚው ጫፍ ፈቀቅ እያሉ ነበር። "እርግጠኛ ነኝ" አለች። ኦሪ ለወራት ያጠራቀመውን በሙሉ ከኪሱ አወጣ። ወረቀቶቹ በላብ ለስልሰው ነበር። ጭብጨባ ሆነ።

ደወሉ ተደውሎ ስንወጣ አባባ እንደ ልማዳቸው ከአግዳሚው ተነሥተው ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

"ትርንጎ" አሉ።

አፏን ከፈተች። ዘወር አለች። የክፍሉ ልጆች ሁሉ በሩ ላይ ቆመው ያዩዋታል። "ተሸጧል እኮ" አለ ማክስ፤ በክፋት አልነበረም፤ ሕግ እንደሚያስታውስ ሰው ነው ያለው። አፏን ዘጋች።

"ትርንጎ" አሉ እንደገና፤ አንድ እግራቸውን ወደ መንገዱ አውርደው።

"አቤት" የሚል መልስ ከኋላዬ መጣ። ኦሪ አማርኛ አይችልም፤ ያቺን አንዲት ቃል ብቻ ነው የሚያውቀው። ነገር ግን ድምፁ የእሷ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ ወደ ላይ የሚለው፣ የችኮላው፣ ልክ የእሷ። ከበረንዳ ሥር ስንት ምሽት አድምጦት ኖሯል። አባባ ፊታቸው ፈታ ብሎ ወደ እሱ ተራመዱ። እሱም ግራና ቀኝ አይቶ፣ ቀድሞ ቆሞ፣ ጥሪውን እየጠበቀ፣ መልሱን እየሰጠ እስከ ቤታችን ደጅ አደረሳቸው። እኔና ትርንጎ ከኋላ ተከተልን። "ጨዋታ ነው" አለችኝ። "ሲሰለቸው ይተወዋል።"

አልሰለቸውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ አደረሳቸው። አባባ እየሄዱ ያወሩታል፤ ስለ ወንዝ፣ ስለ በሬዎቻቸው፣ ስለ ፋብሪካው። አንድም ቃል አይገባውም፤ ግን ቆሞ ሲጠብቃቸው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚሰማው። ትርንጎ ወንበሯን ይዛ ቀረች። በመስኮቱ አባባን ታያለች፤ እሳቸውም አሉ፤ ማንም የተጎዳ አልነበረም።

የተለወጠው ቤት ውስጥ ያለው ነው። ክፍል ውስጥ የተሸጠ ቤት ውስጥ አይሠራም ብለን ስላሰብን፣ አባባ ማታ ከአልጋቸው ላይ ሲጠሩ ትርንጎ "አቤት" ብላ ገባች። አባባ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አደመጡ።

"አንቺ ማነሽ?" አሏት።

"እኔ ነኛ፣ አባባ።"

"እኔ የሚባል ስም የለም። የማን ልጅ ነሽ?"

አክስቴ እጇን እየጠረገች ከኩሽና መጣች። "አባባ፣ ትርንጎ ናት እኮ። ምን ሆኑብኝ?"

"ይቺ አይደለችም" አሉ አባባ፤ በቁጣ ሳይሆን ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው በትዕግሥት። "ትርንጎ ውጭ ናት። አሁን ትመጣለች።"

የኩፓት ኾሊም ሐኪም፣ የጤና ጣቢያው ማለቴ ነው፣ የእርጅና መርሳት ጀምሯቸዋል ብሎ ኪኒን አዘዘ። ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እኔን አልረሱኝም። "ስጦታው፣ ውኃ" ይሉኛል፤ አቤት ስል ያውቁኛል። እናቴን፣ አክስቴን፣ የጎረቤቱን ጋሼ አለሙን ከነሳላቸው ያውቃሉ። የጠፋቻቸው አንዲት ድምፅ ብቻ ናት። ትርንጎ በምሳ ሰዓት አጠገባቸው ተቀምጣ ስታወራ፣ "ይቺ እንግዳ ልጅ ወሬ ትወዳለች፤ አብሏት" ይሉ ነበር። እሷም እየቆየች ወሬ ቀነሰች። ክፍል ውስጥ መቀጣቷ ቀረ። ሞራ ሲጋል ስለ ጠባይዋ መሻሻል ሸለመቻት።

አንድ ምሽት፣ ፀሐይ ጠልቃ መብራት ገና ሳይበራ፣ እናቴና አክስቴ ከሥራ ሳይመለሱ፣ አባባ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። እኔና ትርንጎ ሳሎን ውስጥ የቤት ሥራ እንሠራለን። "ትርንጎ" ሲሉ ሰማን። ከታች፣ ከመንገዱ በኩል፣ "አቤት" የሚል መልስ መጣ። ትርንጎ እርሳሷን አስቀመጠች። ኦሪ ያን ዕለት ትምህርት ቤት አልመጣም ነበር።

አባባ ተነሡ። በሩን ራሳቸው አግኝተው ከፈቱት፤ ደረጃውን ሳይደናቀፉ ወረዱ። ተከተልናቸው። ውጭ ያለው አየር እርጥብና ጨዋማ ነበር፤ በረንዳዎቹ ባዶ ናቸው፤ የተሰጣ ልብስ ብቻ ይወዛወዛል። አባባ ይጠራሉ፤ ከፊታቸው ይመለስላቸዋል፤ ይራመዳሉ። ከፊታቸው ማንም አልነበረም። ይህን ስጽፍ እጄን እጠራጠራለሁ፤ መንገዱ ግን ቀጥ ያለ ነው፤ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ያሳያል። ባዶ ነበር።

"አባባ" ብላ ጠራች ትርንጎ።

አልዞሩም። "ተይ አንቺ ልጅ" አሉ ወደ ፊት እንደሄዱ። "መሽቷል። በአንደኛው አቤት አልልም።"

"አባባ፣ እኔ ነኝ።"

ቆሙ። ከዚያ ከወትሮው በፈጠነ እርምጃ ሄዱ፤ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው፣ "ሁለት ጊዜም ይችላል ማለት ነው" ሲሉ ሰማናቸው።

ትርንጎ ሦስተኛ አልጠራችም። መንገዱ መሐል ቆማ ቀረች። እኔ ሮጬ ደረስኩባቸው። የትምህርት ቤቱ በር በሰንሰለት ታስሯል፤ አባባ ፊት ለፊቱ ቆመው፣ ቁመቱ አጭር የሆነ ሰው የሚነግራቸውን እንደሚያደምጡ ጎንበስ ብለው "እሺ፣ እሺ" ይላሉ። ከአውቶቡስ የወረደችው እናቴ ባትደርስልን ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። "አባባ" ስትላቸው አወቋት፤ በእሷ ድምፅ ወደ ቤት ተመለሱ። ኦሪ ያን ዕለት ሙሉ ትኩሳት ይዞት እንደ ተኛ፣ እናቱም ሥራ ቀርታ ከአልጋው አጠገብ እንዳልተነሣች በማግስቱ ሰማን።

ተሽሎት ሲመጣ ፊቱ ዐመድ መስሏል። በእረፍት ሰዓት ትርንጎን ከግቢው ጥግ ጠራት፤ እኔም ነበርኩ።

"ውሰጂው" አላት። "ገንዘቡንም አልፈልግም።"

"ለምን?"

"ቤት ማንም ሳይኖር አያትሽ ይጠሩኛል። መስኮት ስዘጋም ይሰማል።"

"አትመልስላቸዋ" አልኩት።

"አፌ ይቀድመኛል" አለ። እያለቀሰ ነበር። "መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። የሚጠራኝ ሰው አልነበረኝም።"

ሦስታችንም ወደ ሞራ ሲጋል ሄድን። አቤት ምን እንደ ሆነ እንደገና ማስረዳት ነበረብኝ፤ ለዕድሜዬ ከባድ ሥራ ነው። እዚህ ነኝ ማለት ብቻ አይደለም አልኳት፤ ለጠራኝ ሰው የእሱ ነኝ ማለት ነው፤ የተበደለ ሰው ዳኛ ፊት የሚጮኸውም ይህንኑ ቃል ነው። ስሙም ቁልምጫ አይደለም፤ አያቷ ያወጡላት ነው። ሞራ ሲጋል አንዷ የተማሪ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ጉልበቷ ከጠረጴዛው በላይ ሆነ። ከዚያ ተነሥታ ክፍሉን ሰብስባ፣ የራሷን ሕግ ራሷ እንደምታፈርስ ተናግራ፣ ኦሪ ስሙን በሁላችን ፊት እንዲመልስ አደረገች። "ለኦርሊ መልሻለሁ" እንዲል ልታስጠናው ጀመረች፤ ወዲያው ራሷን አረመች፤ እያንዳንዱን ፊደል እየተጠነቀቀች፣ "ለትርንጎ" አለች። ጋሊሙም ከዚያ ቀን በኋላ አልታየም።

ደወሉ ሲደወል ትርንጎ ከሁላችን ቀድማ ሮጠች። ኦሪ በሩ ውስጥ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። አባባ በአግዳሚው ላይ ነበሩ። አልተነሡም። አልጠሩም። መንገዱን ተሻግራ ፊታቸው ቆመች።

"አባባ፣ ጥሩኝ" አለቻቸው።

አባባ እጃቸውን ዘርግተው ፊቷን ዳሰሱ፤ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ ሹሩባዋን። ቸር ሰው ናቸው፤ የሚያለቅስ ልጅ አይወዱም።

"ማን ልበልሽ?" አሏት።

ልትነግራቸው ትችል ነበር። ስሙ ተመልሶላታል። ነገር ግን ራሷ ብትነግራቸው እሳቸው ያወጡት ስም መሆኑ የሚቀር መሰላት፤ እንዲህ ያለችኝ አድጋ ነው። ዝም አለች። እሳቸውም ሁለተኛ አልጠየቁም። ከዚያ ቀን በኋላ በትርም፣ ክንድ መያዝም ለመዱ። ትርንጎ የሚለውን ስም ሲጠሩ ማንም አልሰማም፤ የክረምቱ ዝናብ በጀመረ ሰሞን ዐረፉ።

ዛሬ በግቫት ጺዮን በረንዳዎች ላይ የሚጠራ የለም። ልጆች በስልክ መልእክት ነው የሚሰበሰቡት፤ ሲመሽ ከፎቆቹ ሥር የሚሰማው የአየር ማቀዝቀዣ ሞተር ብቻ ነው። የዛሬዎቹ ልጆች ከእኛ የተሻለ ያውቃሉ፤ ስለ ባንክ፣ ስለ ወለድ፣ ስለ ሚኑስ ይናገራሉ፤ ትርንጎም ባንክ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሽማግሌዎቹ ወረፋቸውን አሳልፈው እሷን ይጠብቃሉ፤ በአማርኛ ታስረዳቸዋለችና። ደረቷ ላይ የተለጠፈው ኦርሊ ይላል። እኛም ቤት ውስጥ በዚያው እንጠራታለን። የጠየቀችን እሷ ናት።

ባለፈው በጋ ማሪና ላይ አብረን ተቀምጠን ነበር። ጀልባዎቹ ገመዳቸውን እያሲያጡ ይወዛወዛሉ፤ ሰው ይመላለሳል፤ አይስክሬም ይዘናል። ከሩቅ ጥግ አንዲት እናት ወደ ውኃው ዳር የራቀች ትንሽ ልጇን "ትርንጎ" ብላ ጠራች። አጠገቤ ያለችው የአክስቴ ልጅ ቀና አላለችም፤ አይስክሬሟን ቀጠለች። ከፊታችን ባለው ጠረጴዛ ግን ጀርባውን ሰጥቶን የተቀመጠ ቀጭን ወጣት በፍጥነት ዞረ፤ ከንፈሩም ተንቀሳቀሰ። ኦሪ ነበር። ድምፁ አልተሰማም። እኛን ሲያይ አላወቀንም፤ ወይም ያላወቀን መሰለ፤ ከንፈሩን በእጁ ሸፍኖ ወደ ባሕሩ ዞረ። ልጅቱ እየሳቀች ወደ እናቷ ሮጠች።

ካርቶኑን መልሼ አልሰጥም። ልጆቼ ማጠራቀምን፣ መታገሥን፣ ከዜሮ በታች አለመውረድን መማር አለባቸው፤ እኔም ተምሬበታለሁ። ሆኖም በመጀመሪያው ቀን፣ ገንዘቡን ከማደሌ በፊት፣ ሰሌዳው ላይ የማይሸጠውን እጽፋለሁ፤ ምክንያቱን ቢጠይቁኝም ይህን አነብላቸዋለሁ። ከዚያ ዓመት የጎደለውን ግን ማንም ሊተካው ስለማይችል እንዳለ አሰፍረዋለሁ።

ስም፣ አንድ። ጠሪ፣ አንድ።